ጥርስ ከስፍራው እንዴት እንደሚሄድ

ልጃችን 12 ዓመት ሲሞላት፥ ከላይኛው ረድፍ በስተግራ ያለው የክራንቻ ጥርስዋ ስፍራ አጥቶ ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ በድድዋ በኩል ወጣ። ከከንፈርዋ ሥር ገፍቶ ይታይ ስለ ነበረ ስትሥቅ አፍዋን በእጅዋ መሸፈን ጀመረች። በአገራችን ፍንጭት ውበት ነው፤ ድርብ ጥርስም ቢሆን ደስ የሚያሰኘው ሰው አይታጣም። ስለዚህ በመጀመሪያ ነገሩን አቅልለን «ያምርብሻል» እያልን እናባብላት ነበር። እርስዋ ግን አልተጽናናችም። ልጅ ሣቅዋን መደበቅ ስትለምድ ማየት ለወላጅ እንዴት እንደሚከብድ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከነቤተ ሰባችን ወደ አያትዋ ቤት ሄድን። አያትዋ፥ ማለት የባለቤታችን እናት፥ የሚኖሩት በሊቦ ከምከም ወረዳ ከጣራ ገዳም ተራራ ሥር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ በስተቀኙ ትቶ ጥቂት እንደ ሄደ አዲስ ዘመን ከተማን ያገኛል፤ ከከተማውም በላይ የገዳሙ ደን ጠቍሮ ይታየዋል። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ተራቍቶ ሳለ ይህ ደን ወይራውንና ብሳናውን ይዞ የቀረው ገዳሙ ስለ ጠበቀው ነው።

አማታችን ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ደፍተዋልና ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው እንደ ጐንደር ሴቶች ልማድ ድዳቸውን ተነቅሰው ነበር፤ ጥላሸቱ በእሾህ ከገባ ከ60 ዓመት በላይ ቢሆነውም ድዳቸው ዛሬም እንደ ጠቈረ ነው። ልጅቱን ወደ ብርሃን አውጥተው አፍዋን አስከፍተው አዩና «ይህማ ምን ያስቸግራል፤ በየማለዳው አፍሽን ስትታጠቢ በአውራ ጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ውስጥ ግፊው» አሉዋት።

እኛም ፈገግ ብለን «እማሆይ፥ ጥርስ እኮ በአጥንት የተተከለ ነው፤ አንቱ በጣት ይሄዳል ይላሉን?» አልናቸው።

እርሳቸውም «ልጄ፥ ወደ ገዳሙ ስትወጣ ከመንገዱ ዳር ያለውን ዛፍ አላየኸውም? በለጋ ሥሩ ድንጋዩን ፈንቅሎታል። ማን ቸኰለበት?» ብለው መለሱልን።

እኛ ግን የተማርን ነን ባዮች ነንና በልባችን ሣቅንባቸው። ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ያየነውን ነገር ለመጻፍ የተነሣነው፥ ልጆች ያሉዋቸው አንባቢዎቻችን እኛ በሠራነው ስሕተት እንዳይወድቁ ብለን ነው።

በጥቅምት ወር ልጅቱን በአዲስ አበባ የጥርስ አሰላለፍ ወደሚያስተካክል ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ይህን ሙያ ለይተው የተማሩ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂቶች ስለ ሆኑ ተራ እስክናገኝ ድረስ ሰንብተናል። ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ ካየ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው እኛን የሚነካ ሆነ። «ከዚህ ላይ የነበረው የወተት መንጋጋ በስንት ዓመትዋ ወለቀ?» አለን።

ነገሩ ትዝ አለን። ልጅቱ የ7 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ የወተት መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ሌሊት ያስለቅሳት ነበር። እኛም በማግሥቱ ብዙ ሥራ ነበረብንና «ይነቀልና ትረፍ፤ የወተት ጥርስ ለምን ይጠቅማል» ብለን አስነቀልነው። እርስዋም እንደ ልጆች ወግ ጥርሱን ጣራ ላይ ወርውራ ተደሰተች። ሐኪሙ እንዳስረዳን፥ ያ ጥርስ እስከ 10 ወይም እስከ 12 ዓመትዋ ድረስ የሚቈይ ስፍራ ጠባቂ ነበር። እርሱ ሲነሣ፥ በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው ትልቁ መንጋጋ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ባዶውን ስፍራ ያዘ። የላይኛው ክራንቻ ደግሞ ዘግይተው ከሚወጡት ጥርሶች አንዱ ስለ ሆነ፥ በመጣ ጊዜ መቀመጫ አጣ። የታመመውን የወተት ጥርስ ማከም ይቻል ነበር፤ ቢነቀልም እንኳ ባዶውን ስፍራ የሚጠብቅ ትንሽ ሽቦ ማድረግ ይቻል ነበር። እኛ ግን አልጠየቅንም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጥርስ በመንጋጭላ ውስጥ የሚኖረው ምሰሶ በመሬት ተቀብሮ እንደሚኖረው ይመስለን ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የጥርስ ሥርና አጥንቱ አይነካኩም። በመካከላቸው ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል፥ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ የሚያህል፥ ስስ ጅማት አለ። የጅማቱ ክሮች አንዱ ጫፋቸው በጥርሱ ሥር፥ ሌላው ጫፋቸው በአጥንቱ ተተክሎ ጥርሱን ይዘውታል፤ የጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሰው በጠፍሩ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር፥ ጥርስም በጅማቱ ተንጠልጥሎ ይኖራል። በዚህች በጠበበች ስፍራ ደም ሥር፥ ነርቭና ብዙ ሕያው ሕዋሳት አሉ።

ጥርስ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ጅማቱ በፊት ለፊቱ ይጨመቃል፥ በኋላው ይወጠራል። በተጨመቀበት ወገን አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳት ይሰበሰቡና ግድግዳውን ይበሉታል። በተወጠረበት ወገን ደግሞ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት አዲስ ግድግዳ ያኖራሉ። እንዲህ እየሆነ ጥርሱ አጥንቱን ሰንጥቆ ሳይሆን ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን በሙከራ ገልጦ ያሳየ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ካርል ሳንድስቴት የሚባል የስዊድን ሐኪም ነው፤ የውሾችን ጥርስ በሽቦ ለጥቂት ሳምንት ገፍቶ አጥንቱን በአጉሊ መነጽር መረመረው።

ይህን ስንሰማ የገረመን የኃይሉ ማነስ ነው። የኦስትርያው ሐኪም ሽቫርትስ በ1932 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንደ ጻፈው፥ ለጥርስ የሚስማማው ግፊት በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም ነው፤ ይህም በቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ውስጥ ካለው የደም ግፊት እንዳይበልጥ ነው። ዛሬም አንድን ጥርስ ለማዘንበል ከ35 እስከ 60 ግራም የሚሆን ኃይል ይበቃዋል ይላሉ። የአበሻ ዶሮ እንቍላል በእጃችሁ ብትይዙ የዚያን ያህል ይከብዳችኋል። በዚህ ኃይል ጥርስ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል።

የደብረ ታቦር አገር ስለ ኃይል ሌላ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ ያደረሱት፥ በ1860 ዓ.ም. በገደልና በተራራ ላይ መንገድ እየጠረጉ፥ ብዙ መቶ ሰው በጠፍር እየጐተተው ነው። እኛ በዚህ አገር ታሪክ ያደግን ሰዎች ነንና ከባድ ነገር የሚነቃነቀው በብዙ ጕልበት ነው ብለን እናስባለን። ብረት እንዲህ ነው፤ አጥንት ግን ሌላ ነው።

እንግዲያው እህል ስንቈረጥም ጥርሳችን ለምን አይሄድም የሚል ይኖራል፤ እኛም ሐኪሙን ይህንኑ ጠየቅነው። መንጋጋ በሚያኝክበት ጊዜ የሚያርፍበት ኃይል አንዳንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ግራም ይደርሳል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አያልፍም፤ በጅማቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ግፊቱን ተቀብሎ ያበርደዋል። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሆኖ የማያቋርጥ ኃይል ነው። በቀን 6 ሰዓት ያህል ካልቈየ ሕዋሳቱ አይነሡም። ልጅ ጣቱን እየጠባ ሌሊቱን ሲያድር የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ የሚወጡት ስለዚህ ነው። ልማዱን 6 ዓመት ሳይሞላው፥ ቋሚ ጥርሶቹ ሳይወጡ፥ የተወው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ጥርሱ በራሱ ይመለስለታል፤ ከንፈሩ ከውጭ ምላሱ ከውስጥ ሆነው እንደ ሁለት ዘበኛ ይመልሱታል። ስለዚህ ልጁን መገረፍ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ የእማሆይን ምክር መለስ ብለን አሰብነው። ወደ ውስጥ ቀስ ብሎ መግፋት ማለታቸው ልክ ነበር። የጐደለው ሰዓቱ ነው፤ አፍ እስኪታጠቡ ድረስ የሚገፋ ጣት ለአጥንት አይሰማውም። የሐኪሙ ሽቦ ያን ጣት ቀንና ሌሊት እንዲቈይ የሚያደርግ ነገር ነው።

ሽቦው፥ ሰው ሁሉ ብሬስ የሚለው፥ ተደረገላት። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት በደኅና አለፉ። ቆሎና ጠንካራ ነገር ተከለከለች፤ ይህ በጾም ቤት ውስጥ ቀላል ቅጣት አልነበረም። በሕመሙ ቀን ከመድኃኒት ሁሉ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን አትስጡዋት ተባልን፤ እነዚህ ሕመምን የሚያስታግሡበት መንገድ አጥንቱ የሚታዘዝበትን ንጥረ ነገር ስለሚያሳንስ የጥርሱን ጕዞ ሊያዘገዩት ይችላሉና ነው።

በግንቦት ወር ግን ትዕግሥታችን አለቀ። የትልቂቱ ልጃችን ሠርግ በሚመጣው ጥር ተቈርጦ ነበር፤ ታናሽ እኅትዋ ሚዜ ናት። ፎቶግራፉ ለዘመድ ሁሉ የሚበተን፥ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ለሠርጉ ሽቦው ይወልቅ እንደ ሆነ ሐኪሙን ብንጠይቀው «አይወልቅም» አለን። ጊዜውን የሚያሳጥርበት ብልሃት ቢኖረው ብለን ደግመን ጠየቅነው። «የአጥንትን ሥራ እኔ አላዝዘውም» አለን። ይህ አነጋገር ለእኛ እንደ ስንፍና መሰለን። በመሥሪያ ቤታችን «ቶሎ ይለቅ» ብለን ስናዝዝ ቶሎ የሚያልቅ ስለ ሆነ፥ እንቢ የሚለንን ሰው የመቀበል ልማድ አልነበረንም።

ባለቤታችን ከሐኪሙ አንወጣም ብላ ብትከራከርም፥ እኛ ልጅቱን በግማሽ ጊዜ እንጨርሳለን ወደሚል ወደ ሌላ ስፍራ ወሰድናት። የዚያን ስፍራ ስም አንጽፍም፤ ፈልገን የሄድነው እኛ ነንና። በዚያም ወፍራም ሽቦና ጠንካራ ላስቲክ አደረጉላት፤ በየሁለት ሳምንቱም ያጠብቁላት ነበር። ልጅቱ ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ እንጀራ እንኳ ማኘክ አቃታት። በሐምሌ አጋማሽ ሌሊት እየተነሣች ስታለቅስ፥ የ7 ዓመት ልጅ ሳለች ያለቀሰችው ልቅሶ ትዝ አለን። ክራንቻው በጣት ሲነኩት ይወዛወዝ ነበር፤ ነገር ግን ከስፍራው ፈቀቅ አላለም። ይልቁንም ላስቲኩ የታሰረበት ትልቁ መንጋጋ ወደ ፊት መጥቶ ለክራንቻው የተከፈተለትን ስፍራ ደግሞ አጠበበው።

በነሐሴ አፍረን ወደ ቀድሞው ሐኪም ተመለስን። እርሱም አልገሠጸንም፤ ይህ ከግሣጼ ይልቅ ከበደን። አዲስ ራጅ አስነሥቶ አሳየን፤ የክራንቻው ሥር ጫፉ ጥቂት አጥሮአል። የተበላ የጥርስ ሥር ርዝመት ተመልሶ አያድግም።

ምን እንደ ሆነ የገለጠልን እንዲህ ብሎ ነው። ከልክ ያለፈ ኃይል ጅማቱን ጨፍልቆ ደም ሥሮቹን ይዘጋቸዋል። ደም ባልደረሰበት ስፍራ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሕይወት የሌለው ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል። ይህንንም ሳንድስቴት ያን ጊዜውኑ አይቶት ነበር። አፍራሾቹ ሕዋሳት በሞተ ስፍራ አይሠሩም፤ ስለዚህ ከሩቅ፥ ከአጥንቱ ከጓዳው በኩል፥ ቀስ እያሉ ቈፍረው እስኪመጡ ድረስ ጥርሱ ለብዙ ሳምንት ባለበት ይቆማል። የሞተውን ሲጠርጉም የጥርሱን ሥር አብረው ይነኩታል። ለማፋጠን ብለን የጨመርነው ኃይል ሠራተኞቹን ገደለና ሥራውን አቆመው። «ስንት ጊዜ ይረፍ?» አልነው። «3 ወር» አለን።

በእነዚያ 3 ወራት ልጅቱ ስታርፍ እኛ ስለዚህ ነገር ያገኘነውን ሁሉ አነበብን። ጸጸት ሰውን ትጉ አንባቢ ያደርገዋል። ሊቃውንት የሕዋሳቱን ጠባይ ለማየት፥ ለሕክምና ከተነቀሉ ጥርሶች ሥር ካለው ጅማትና ከድድ ጥቂት ሕዋሳት ወስደው በብርጭቆ ሳሕን ያሳድጋሉ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹን በሚለጠጥ ስስ ላስቲክ ላይ አድርገው ይወጥሩዋቸዋል፤ ሌሎቹን ደግሞ በላያቸው ብርጭቆ አኑረው በጥቂት ግራም ክብደት ይጫኑዋቸዋል። አንድ ሕዋስ ዐይንና ጆሮ ሳይኖረው መገፋቱን እንዴት ያውቃል የሚለው ለብዙ ዘመን የተሰወረ ነገር ነበር። በ2010 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር አርደም ፓታፑቲያን የሚባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ ፒዬዞ የተባሉትን፥ በሕዋስ ገበር ላይ ያሉ፥ ሲገፉ የሚከፈቱ ጥቃቅን በሮች አገኘ፤ በ2021 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። የጥርስ ጅማት ሕዋሳትም እነዚህ በሮች እንዳሉዋቸው ታውቆአል።

የተጨመቀ የጅማት ሕዋስ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያወጣል፤ አስፕሪን የሚያሳንሰው ይህንኑ ነው። ከዚህም ጋራ ራንክ ኤል የሚባለውን ፕሮቲን ያበዛል። ይህ ፕሮቲን አጥንት አፍራሾቹን የሚጠራ አዋጅ ነጋሪ ማለት ነው። ኦስቲኦፕሮቴጀሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አለ፤ እርሱ አዋጁን እየያዘ ያስቀራል። ሁለቱም በዚህ ሥራቸው የታወቁት በፈረንጆች 1997 እና 1998 ዓ.ም. ነው። አጥንት ይፍረስ ወይም ይቈይ የሚለው የሚቈረጠው በሁለቱ ሚዛን ነው። እዚህ ላይ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ድድ በቈሻሻ ተቈጥቶ ሲያብጥና ሲደማም ራንክ ኤል ይበዛል። ስለዚህ ድዱ የታመመ ሰው ጥርሱን በሽቦ ቢያስገፋ፥ ሁለት አዋጅ በአንድ ላይ ይነገራልና አጥንቱ ከልክ በላይ ይፈርሳል። ሐኪሙ በየቀጠሮው ከጥርሱ በፊት ድድዋን ያይ የነበረው ለዚህ ነው። ልጅቱ እንደ አያትዋ በወይራ መፋቂያ መፋቅ ትወድ ነበር፤ ክሩ በሽቦው እየተያዘ ሲያስቸግራት ለጊዜው ወደ ብሩሽ ተመለሰች።

በኅዳር ሥራው በቀጭኑ ሽቦ እንደ ገና ተጀመረ። ጥር ደረሰ፤ ልጅቱ ሽቦዋን እንደ ያዘች ሚዜ ሆነች። ከሠርጉ ፎቶግራፎች በአንደኛው ላይ አፍዋን ሳትሸፍን ስትሥቅ ትታያለች፤ ሽቦውም በፀሓይ ያብረቀርቃል። ያን ፎቶግራፍ ዛሬ ከሁሉ አብልጠን እንወደዋለን።

ሽቦው የወለቀው ከሠርጉ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ክራንቻው በረድፉ ገብቶ ቆመ። ሐኪሙም ማታ ማታ የምታደርገው የላስቲክ ቅርጽ መያዣ ሰጣትና እንዳትተወው አስጠነቀቃት። ልጅቱ ግን ነጻ በመውጣትዋ ደስ ብሎአት፥ እኛም ነገሩ ያለቀ መስሎን፥ ሁለት ወር ተዘነጋ። በመስተዋት ብታይ ጥርሱ ዞር ማለት ጀምሮአል። ያን ጊዜ ነው የድድን ጠባይ የተማርነው።

የድድ ሕዋሳትና የጥርስ ጅማት ሕዋሳት ዘመዳሞች ቢሆኑም ጠባያቸው አንድ አይደለም። የጅማቱ ሕዋስ ሲወጠር አጥንት ወደ መሥራት ያዘነብላል፤ የድዱ ሕዋስ ግን በዚህ ሥራ ሰነፍ ነው። አጥንቱና የሥሩ ጅማት በጥቂት ወራት አዲሱን ስፍራ ለምደው ይታደሳሉ። በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉት የድድ ክሮች ግን እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ተወጥረው ይቈያሉ፤ የያዛቸው ነገር በለቀቀ ጊዜ ጥርሱን ወደ ጥንት ስፍራው ይስቡታል። የኖርዌይ ሐኪም ካሬ ራይታን የውሾችን ጥርስ አዙሮ አስይዞ ሲመረምር፥ ከ232 ቀን በኋላ እንኳ እነዚህ ክሮች እንደ ተወጠሩ ማግኘቱን በ1959 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፎአል። እጅግ ለተጣመመ ጥርስ አንዳንድ ሐኪሞች እነዚህን ክሮች በጥርሱ ዙሪያ በስለት ይቈርጡዋቸዋል። ፍንጭቱን በሽቦ ያስዘጋ ሰው ብዙ ጊዜ ፍንጭቱ የሚመለስበትም ከዚህ የተነሣ ነው። ፍንጭት ለማስዘጋት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለምን እንደሚያወጣ ግን እስከ ዛሬ አልገባንም።

ለልጃችን ግን ስለት አላስፈለጋትም። ሐኪሙ ጥርሱን እንደ ገና በጥቂት ወራት መልሶ፥ ከላይኛው የፊት ጥርሶች በስተኋላ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ የማይታይ ቀጭን ሽቦ ለጠፈላት።

ባለፈው ነሐሴ፥ ልጅቱ 16 ዓመት ሲሆናት፥ ለደብረ ታቦር በዓል ወደ እማሆይ ዘንድ ተመለስን። ሜዳው ላይ እረኞች ጅራፍ ያጮኹ ነበር፤ ጓዳው በሙልሙል ሽታ ተሞልቶአል። እማሆይ ከሁሉ አስቀድመው ልጅቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አፍዋን አስከፈቱ።

እኛም በዚያ ጊዜ የእርሳቸውን አፍ እንደ አዲስ ሰው ተመለከትነው። የታችኛው መንጋጋቸው ከወለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከበላዩ ያለው ጥርስ የሚገፋው አጥቶ ከረድፉ ወርዶ ወደ ባዶው ስፍራ መጥቶአል። ጥርሱ የወለቀበት የመንጋጭላ አጥንትም ሣስቶ ዝቅ ብሎአል፤ የሚስበው ጅማት የሌለው አጥንት ራሱን እየበላ ይቀንሳልና ነው። ከአጠገባቸው የቆመችው ባለቤታችንም አንዱ የታችኛው ክራንቻዋ ነጭ ቢጫ ሆኖ፥ ተሸርፎ የበቀለ ነው። ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ቢይዛት ግግ ነው ተብሎ፥ ገና ያልወጣው የወተት ጥርስዋ በጋለ ብረት ተፈንቅሎ ወጥቶአል፤ ከሥሩ ተኝቶ ይጠባበቅ የነበረው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ያን ጊዜ ተጐዳ። እማሆይ ይህን ከእኛ ከሰሙ ወዲህ ለጎረቤት እናቶች «ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ድዱን አታስነኩት» ማለት ጀምረዋል። ደብረ ታቦር ገበያ ሄደው ለሚያውቁዋቸው ሴቶች ሳይቀር ነግረዋል ብላ ባለቤታችን ነገረችን።

እማሆይ ጣታቸውን አስገብተው ከጥርሶቹ በስተኋላ ያለውን ሽቦ ዳሰሱ።

«ይህስ መቼ ይወጣል?» አሉ።

ልጅቱም «አይወጣም እማሆይ፤ ድዴ የድሮውን እስኪረሳ ድረስ ይቈያል አሉኝ» አለች።

እማሆይ ሣቁ፤ የተነቀሰው ድዳቸውም ሁሉ ታየ። «የኔስ ድድ እስከ ዛሬ አልረሳም» አሉና ሙልሙሉን ከሁለት ቈርሰው፥ ለስላሳውን ግማሽ ለልጅቱ ሰጥተው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።